ከመተማ ስም ላይ ዮሐንስን የቆረጥኩት እኔ ነኝ

ሙያዬ ኮምፒውተር ነው፤ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ስለ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ለመጻፍ ስነሳ የታሪክ ባለሙያዎች ምን አገባህ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ አያገባኝም ነበር። ያገባኝ ከዓመታት በፊት በጻፍኳት አንዲት መስመር ኮድ የተነሳ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት የአልጋ አጎበር ለየወረዳውና ለየከተማው የሚያከፋፍልበትን ስሌት እንድሠራለት ቀጠረኝ። ቦታው ምዕራብ ጎንደር ነበር፤ መተማ፣ ቋራ፣ ምዕራብ አርማጭሆ። አገሩን ላላየ አንባቢ፣ ከጎንደር ከተማ ወደ ምዕራብ ሲወረድ ደጋው ያልቅና ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበት ሙቅ ሜዳ ይመጣል። በእርሻው ወቅት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። ወባም ካላዛርም አገሩን ያልለመደውን ሰው አይምሩትም።

የተላከልኝ የቦታ ዝርዝር እንዲህ ነበር። መተማ የሚባል ወረዳ አለ። በዚያው በኩል፣ ሱዳን ድንበር ላይ፣ መተማ ዮሐንስ የምትባል ከተማ አለች። የዞኑ መቀመጫ ገንዳ ውኃ ናት፤ ይህችኑ ከተማ ብዙ ሰው ሸኽዲ ይላታል። እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት አዲስ አበባ፣ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ነው። አንዱ ስም ባለ አንድ ቃል፣ ሌላው ባለ ሁለት ሆነና ዓምዱ አላምር አለኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቃል በኋላ ያለውን ሁሉ የሚቆርጥ አንድ መስመር ጻፍኩ።

መተማ ዮሐንስ መተማ ሆነች። ወረዳውም መተማ ነው። ኮምፒውተር ሁለት ነገር በአንድ ስም ሲመጣለት የትኛውን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ የኋለኛውን በፊተኛው ላይ ይጽፈዋል። ገንዳ ውኃና ሸኽዲ ደግሞ ሁለት ስም በመሆናቸው ሁለት ከተማ ሆነው አለፉ። ውጤቱን አንባቢ ሳይገምት አልቀረም። አንዷ ከተማ ሁለት ጊዜ ተሰጣት፤ ድንበር ላይ ያለችው ምንም አልደረሳትም።

ስሕተቱ የታወቀው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነበር። ለማጣራት ወረድኩ። በጤና ጣቢያው በር ላይ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት የከተማቸው ስም በወረቀቴ ላይ የት እንዳለ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። ጥቂት አዩትና ዮሐንስ የት እንደገባ ጠየቁኝ። የምጠየቀው ስለ አጎበር መስሎኝ ነበርና መልስ አጣሁ። ንጉሡ የወደቁት እዚሁ እንደሆነ፣ ስማቸውም ከከተማዋ ጋር የተያያዘው ለጌጥ እንዳልሆነ በእርጋታ አስረዱኝ። አጎበሩ በስድስት ሳምንት ዘግይቶ ደረሰ። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ስንት ሰው እንደታመመ የነገረኝ የለም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኩም።

አዲስ አበባ ስመለስ ለራሴ ቅጣት አወጣሁ። የንጉሡን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል የሚይዝ ትንሽ ዳታቤዝ በትርፍ ሰዓቴ መሥራት ጀመርኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካ ገና ከመጀመሪያው ጥያቄ ልወድቅ ኖሯል፤ መዝገቡን ማን ብዬ ልሰይመው?

ቫሪያብል የምንለው ኮምፒውተሩ አንድን ነገር በሚያስቀምጥበት ሳጥን ላይ የምንለጥፈው ስም ነው። ማሽኑ ስሙ ምንም ቢሆን ግድ የለውም። ግድ የሚለው ነገ ኮዱን የሚያነበው ሰው ነው። ስለዚህ በሥራችን ያልተጻፈ፣ አንዳንዴም የተጻፈ ደንብ አለ፤ አንድ ነገር በፕሮግራሙ ሁሉ አንድ ስም ይኑረው፣ አንድ ስምም አንድ ነገር ብቻ ይጥራ፣ አሰያየሙም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ይሁን። ከሦስቱ ሁለቱን መተማ ላይ አፍርሻለሁ።

ወደ ንጉሡ ልመለስ። ተምቤን ውስጥ በ1829 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ፣ እናታቸው የእንደርታው ባላባት ልጅ ወይዘሮ ስላስ ድምፁ ናቸው። የወጣላቸው ስም ካሳ ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ካሳ የሚባል ሌላ ወጣት በአገሪቱ ሌላ ጥግ ነበረ። ካሳ ኃይሉ፣ የቋራው ካሳ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ። ቋራ ዛሬ ከመተማ ጋር በአንድ ዞን ውስጥ ነው። እንግዲህ ይህ ቆላ የአንዱን ካሳ ልደት፣ የሌላውን ካሳ ሞት ይዟል። መዝገቡን ካሳ ብዬ ብሰይመው ኖሮ ሁለት ንጉሠ ነገሥታትን አንዱን በሌላው ላይ እጽፍ ነበር፤ ልክ እንደ ወረዳውና እንደ ከተማዋ።

ተምቤን ውስጥ ግን ካሳ ማለት በቂ ነበር። ቋራም እንዲሁ። እኛም በአንዲት አጭር የኮድ ክፍል ውስጥ ብቻ የሚኖር ቫሪያብል አጭር ስም ቢኖረው ቅር አይለንም። ስሙ ከሰፈሩ ሲወጣ ነው የአባት ስም የሚያስፈልገው። ካሳ ምርጫ ከሰፈራቸው የወጡት ደግሞ በታላቅ አጋጣሚ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲዘምት የትግራይ ጌታ እሳቸው ነበሩ። መንገድና ስንቅ ፈቀዱ። ጦሩ ሲመለስ በምላሹ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ከመጡት እንግሊዞች አንዱ ጆን ኪርክሃም ወታደሮቻቸውን በአውሮፓ ስልት ለማሠልጠን ቀረ። በእንግሊዞቹ ወረቀት ስማቸው ካሳይ ነው። መዝገቤ ውስጥ አንድ ሰው አሁን ሦስት ሰው ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ የሚላቸውም አለና።

ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ማዕረጋቸውን በፊት ልጨምር አሰብኩ፤ ደጃዝማች ካሳ። ይህ ዘዴ በእኛም ሙያ አለ። ቻርልስ ሲሞኒ የተባለ ትውልደ ሃንጋሪ ፕሮግራመር የነገሩን ዓይነት የሚያሳይ ምልክት በስሙ መነሻ ላይ የማስቀመጥ ልማድ አመጣ፤ በትውልድ አገሩም የሃንጋሪ አሰያየም ተባለ። ጥሩ ነው፣ ዓይነቱ እስኪቀየር ድረስ። በዊንዶውስ ውስጥ ደብልዩ ፓራም የሚባል ስም አለ። ደብልዩዋ ባለ 16 ቢት ቁጥር መሆኑን ለማመልከት የገባች ናት። ቁጥሩ ወደ 32 ቢት ሲያድግ በዚያ ስም የተጻፈው ፕሮግራም ስፍር ቁጥር ስላልነበረው ፊደሏ እዚያው ቀረች። እስከ ዛሬ ትዋሻለች። ማዕረግም እንዲሁ ነው። ካሳ ደጃዝማች ነበሩ፣ ርእሰ መኳንንት ተባሉ፣ ከዚያም ንጉሠ ነገሥት። ማዕረግ በመነሻው ላይ ሳይሆን በራሱ ዓምድ፣ ከነዘመኑ መቀመጥ አለበት።

ዘውዱን ያስገኘላቸው ውጊያ የቤተ ዘመድ ነገር ነበር። ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ የላስታው ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው ነበር፤ የካሳ እህት የወይዘሮ ድንቅነሽ ባል ናቸው። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በቁጥር እጅግ የሚበልጥ ሠራዊት ይዘው ወደ አድዋ መጡ። አሰም ላይ ተሸነፉ፣ ተማረኩም። በጥር 1864 ዓ.ም. ካሳ አክሱም ላይ ቅባት ተቀብተው ዮሐንስ ተባሉ። በዚህ ስም ከእሳቸው በፊት ሦስት ነገሥታት ስለነበሩ አራተኛ የሚለው ቁጥር ትርፍ ነገር አይደለም። ዮሐንስ ሣልሳዊ እኮ ካሳ በሕፃንነታቸው ዘመን ጎንደር ላይ በመሳፍንቱ ሲሾሙ ሲሻሩ የኖሩት ናቸው።

አፄ ዮሐንስ ብዬ ጻፍኩና የተገላገልኩ መሰለኝ። በማግስቱ ስፈልጋቸው ጠፉ። አንዱ ምንጭ አፄ፣ ሌላው ዐፄ፣ ሦስተኛው አጼ ይላል። ዮሐንስን በሐመሩ ሐ የሚጽፍ አለ፣ በሃሌታው የሚጽፍ አለ፣ በብዙኃኑ ኀ የሚጽፍ አለ። ለጆሯችን አንድ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ጆሮ የለውም፤ የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ከገባበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር አለው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ለመጀመሪያዋ አ አራት ምርጫ፣ ለፄ ሁለት፣ ለሐ ስድስት፣ ለስ ሁለት። ሲባዛ 96። አንድ ንጉሥ በ96 ዓይነት አጻጻፍ! ሁሉም ሲነበብ ያው ነው። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ምሁራን ትቼ አንዱን መረጥኩ፣ ሌሎቹ ሲመጡ ወደዚያ የሚመልስ ትንሽ ሠንጠረዥም ሠራሁ። ምርጫዬን የማይወድ አንባቢ ይኖራል። የእሱንም ምርጫ ብወስድ አይከፋኝም፣ አንድ ይሁን ብቻ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ፈረንጆቹ ቃላትን አጣብቀው የእያንዳንዱን ቃል መጀመሪያ በትልቅ ፊደል መጻፍን የግመል ስልት ይሉታል፤ ጉብታ ስለሚመስል። ግመል መተማ ላይ ሞልቷል፣ የግዕዝ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የግመሉ ስልት አይሠራለትም። እንደ ፓይተን ባሉ ቋንቋዎች ዛሬ ቫሪያብልን በአማርኛ መሰየም ይቻላል፤ የሚያዋጣው ግን ቃላቱን በታች ሰረዝ ማያያዝ ብቻ ነው። ጥንት በሁለት ነጥብ እንለያቸው የነበረውን ማለት ነው።

ወደ ጦርነቶቹ ስመጣ ሌላ ጣጣ ገጠመኝ። የግብፁ ከዲቭ እስማኤል ጦር በዴንማርካዊው አረንድሩፕ መሪነት መጥቶ ጉንደት ላይ ተደመሰሰ፤ አረንድሩፕም እዚያው ቀረ። ከዚያ በራቲብ ፓሻና በአሜሪካዊው ሎሪንግ የሚመራ የሚበልጥ ጦር መጥቶ ጉራዕ ላይ ተሸነፈ። ዮሐንስ በዘመናቸው ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመናዊ ጦርን ሁለት ጊዜ ያሸነፉ ንጉሥ ናቸው፤ ይህ በአድዋ ጥላ ሥር ተሸፍኖ መቅረቱ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ታዲያ መቼ ነው? በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም 1868 ዓ.ም. ናቸው፤ አንዱ ኅዳር፣ ሌላው የካቲት መጨረሻ። በፈረንጆቹ ግን አንዱ 1875 ሌላው 1876 ነው። እኔ ዓምዱን ዓመት ብቻ ብዬ ሰይሜው ስለነበር፣ ግማሹን ከአማርኛ መጽሐፍ ግማሹን ከእንግሊዝኛ ስለቀዳሁ፣ ንጉሡ ከመንገሣቸው በፊት ሊዘምቱ ደርሰው ነበር።

ሰው እንዳይስቅብኝ አንድ መጽናኛ ልጥቀስ። በ1999 እ.ኤ.አ. ናሳ ወደ ማርስ የላከው መንኮራኩር የጠፋው አንዱ ቡድን በፓውንድ ያሰላውን ሌላው በኒውተን ስለተቀበለው ነው። ዓምዶቼን ዓመት_ኢትዮጵያ እና ዓመት_ፈረንጅ ብዬ ለየኋቸው። ከዚያ በኋላም አንድ ቀን ተረፈኝ። በ1900 እ.ኤ.አ. ፈረንጆቹ ጳጉሜን እንደማትጨምርበት ዓመት አድርገው አንድ ቀን ስለዘለሉ፣ የዛሬውን ልዩነት ይዞ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን የሚሄድ ፕሮግራም በአንድ ቀን ይስታል።

ስም መቀየር ለዮሐንስ የራሳቸው ብቻ አልነበረም። በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ ከገበሩላቸው በኋላ ቦሩ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ጉባኤ ጠሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ክርክር በአዋጅ ተዘጋ፣ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። መሐመድ አሊ ሚካኤል የተባሉት ያን ጊዜ ነው፤ ክርስትና አባታቸው ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ለሚካኤል ራስነትም ንጉሥነትም መጣላቸው። ለተራው ሰው ግን አዋጁ ስደትና ሞት ነበር። ንጉሡን ማክበሬ ይህን ዓምድ ባዶ እንድተወው አያደርገኝም።

አሁን መተማ ደረስን። በሱዳን መህዲስቶች ሲነሱ የግብፅ ጦር በየምሽጉ ተከበበ። በግንቦት 1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከእንግሊዙ ሂዊት ጋር በተፈረመው ውል ዮሐንስ የተከበቡትን ወታደሮች በአገራቸው በኩል ለማስወጣት ተስማሙ፤ በምላሹ ቦጎስ እንዲመለስላቸው፣ በምፅዋም በኩል ዕቃቸው እንዲያልፍ። ቃላቸውን ጠበቁ። የመተማው የግብፅ ጦር ሳይቀር ወጣ። እንግሊዝ ግን በዓመቱ ጣሊያን ምፅዋን ሲይዝ ዝም አለች፤ መህዲስቶቹም የዮሐንስ ደመኞች ሆኑ። ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ጣሊያንን ቢመቱም ንጉሡ ከዚያ ወዲህ በሁለት እሳት መካከል ነበሩ። በጥር 1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ አሸንፎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ንጉሡ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ ያዞሩት ይህ ሲሆን ነው።

ይህንን ውጊያ በኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው ይጠንቀቅ። በዘመኑ የውጭ ሰነዶች ውስጥ ገላባትና መተማ እየተቀያየሩ የሚጠሩት አንዱኑ የገበያ ስፍራ ነው። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዝ ድንበር ሲዋዋሉ ግን ስሞቹ ተካፈሉ፤ ዛሬ ገላባት ሱዳን ነው፣ መተማ ኢትዮጵያ። በዓባይ ዳር፣ ከሸንዲ ማዶ፣ ሌላ መተማ አለ፤ እንግሊዞች ጎርደንን ለማዳን ሲገሰግሱ በ1885 እ.ኤ.አ. የተዋጉት እዚያ ነው። የገላባት ውጊያ የሚባልም ሌላ አለ፤ በ1940 እ.ኤ.አ. ስሊም የሚባለው የእንግሊዝ አዛዥ ከጣሊያን ጋር ያደረገው። ሰሜን ጎንደር የሚለው ስም እንኳ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ዞኑ ለሦስት ከመከፈሉ በፊት መተማን ይጨምር ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አይጨምርም። ስሙ ያው፣ ውስጡ ሌላ። በመዝገቤ እያንዳንዱን ቦታ ከዘመኑ ጋር አሰርኩት።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። አቡ አንጃ ቀደም ብሎ በሕመም ሞቶ በምትኩ ዘኪ ጠመል መተማን በእሾህ አጥር አጥሮ ይጠብቅ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ጥሶ ገባ። ድሉ እጅ ውስጥ ገብቶ ሳለ ንጉሡ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ሠራዊቱ ተፈታ። ከከተማው ወጥተው ድንኳናቸው ውስጥ አረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ ይመለስ የነበረውን ወገን መህዲስቶቹ አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት፤ የንጉሡን ራስ ቆርጠው ኦምዱርማን ወሰዱ።

አስከሬኑን ሲከላከሉ ከወደቁት አንዱ የእናታቸው ወገን የሆኑት አጎታቸው ራስ አርአያ ድምፁ ናቸው። በመጀመሪያው ረቂቄ ራስ አርአያ ብቻ ብዬ አጭር ስም ሰጥቻቸው ነበር። ኮምፒውተሩም ከዓመት በፊት በፈንጣጣ ከሞቱት ከንጉሡ ልጅ፣ ከራስ አርአያ ሥላሴ ዮሐንስ ጋር አዋሃዳቸው። ማሽኑን አልወቀስኩትም።

ልጃቸው ቀድመዋቸው ስለሞቱ ንጉሡ በመጨረሻዋ ሰዓት ያደረጉት ነገር መሰየም ነበር። እስከዚያ የወንድማቸው የጉግሣ ልጅ ተብሎ ይታወቅ የነበረውን መንገሻን የገዛ ልጄና አልጋ ወራሼ ነው ብለው በመኳንንቱ ፊት ተናዘዙ። በዙሪያቸው የነበሩት ተቀበሉ። ሸዋ ላይ ያሉት ምኒልክ ግን ኑዛዜውን እንዳልነበረ ቆጥረው በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥት ነኝ አሉ። በእኔ መዝገብ የመንገሻ አባት በሚለው ዓምድ ላይ ሁለት ስም አለ፤ ጉግሣ፣ እስከ መጋቢት 1881፤ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወዲህ። አንዱን ለመሰረዝ ብዙ ጊዜ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ መልሼ አንስቻለሁ።